ሲስተር ትመልሳለች፦ ሰው ሰብስቦ ስለ ጭንቀት ማውራት

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ ስለ ድብርት ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ «አሞኛል» የሚሉ አይደሉም። «እኔስ ምን ላግዝ?» የሚሉ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ አዳራሽ አግኝታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ጭራሽ ጀምራችሁታል። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ፈርቻለሁ። ስማችን አይውጣ ያላችሁ ስላላችሁ የሁላችሁንም ስም ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ታላቅ ወንድሜ ረጅም ጊዜ ከቤት ሳይወጣ ቆይቶ በሕክምና ተሽሎታል። ያኔ ቤታችን ውስጥ ማንም ስለ ነገሩ አያወራም ነበር። እማዬ ጎረቤት ሲጠይቃት «ጨጓራው ነው» ነበር የምትለው። አሁን የወረዳችን ወጣት ማእከል ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን በነጻ ሊሰጠኝ ፈቅዷል። የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስቤ ስለ ጭንቀትና ድብርት ማወያየት እፈልጋለሁ። ሙያው ሳይኖረኝ ይህን ማድረግ እችላለሁ? ስንት ሰው ልጥራ? የመጀመሪያው ቀን ምን ልበል? አንድ ጓደኛዬ «አንተ ማን ነህና ነው የሰው አእምሮ የምትነካካው?» ብሎ አስፈራርቶኛል።
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። የሰው አእምሮ አትነካካ። እሱ የእኛ ሥራ ነው፤ እኛም ብንሆን እየፈራን ነው የምንነካው። ሰው ሰብስቦ ማወያየት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ትችላለህ። እንዲሁ በባዶ እጅህ ግን አይደለም።

መጀመሪያ «ሙያው ሳይኖረኝ» ያልከውን እንየው። በዚህ አገር የአእምሮ ሕክምና የቆመው ሥራውን ወደ ታች በማካፈል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሐኪም በዚህ ሙያ ስፔሻላይዝ ማድረግ ከፈለገ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ታዲያ ሕመምተኛውን ማን ያይ ነበር? በብዙ ቦታ ነርስ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በሳይካትሪ ማሠልጠን ጀመረ። የሠለጠኑትም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ። እኔም የዚያ ሥልጠና ፍሬ ነኝ። ያኔም «ነርስ ምን አውቆ ነው?» የሚል አልጠፋም።

ሥራው ከነርስም ወርዶ ተሞክሯል። ኡጋንዳ ውስጥ ራካይና ማሳካ በሚባሉ አካባቢዎች የድብርት ሕመም ያለባቸውን የገጠር ሰዎች በቡድን ያወያዩት ሐኪሞች አልነበሩም። የዚያው አገር ተራ ሰዎች ነበሩ። ቡድኖቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ90 ደቂቃ ያህል፣ ለ16 ሳምንት ተገናኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ቡድን ውስጥ የገቡት ሰዎች ድብርት ካልገቡት በጣም በበለጠ ቀንሶ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዘዴውን በመመሪያ መልክ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል።

ግን ልብ በል። እነዚያ አወያዮች ለ2 ሳምንት ሠልጥነዋል። ከኋላቸውም የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበር። እነሱ የሠሩት ሕክምና ነው፤ አንተ ያሰብከው ደግሞ የቅዳሜ ጨዋታ ነው። ሁለቱን አታደባልቅ። ማስታወቂያህ ላይ «ቴራፒ» ወይም «ፈውስ» የሚል ቃል እንዳላይ። «ስለ ጭንቀትና ድብርት እናውራ» ብትል ይበቃሃል። ራስህንም ካውንስለር ብለህ አታስተዋውቅ። ሰው ባንተ ተማምኖ መድኃኒቱን ቢተው ዕዳው ያንተ ነው።

አዳራሽ አግኝቻለሁ አልከኝ። ባለሙያ አግኝተሃል? ሳይካትሪ ነርስ ይሁን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይሁን፣ ሐኪም ይሁን፣ አንድ ሰው ያስፈልግሃል። ሁልጊዜ አብሮህ አዳራሽ ይቀመጥ አልልም። ስልክህን ያንሣ፤ «ዛሬ አንዲት ልጅ እንዲህ አለችኝ፣ ምን ላድርግ?» ስትለው ይመልስልህ። ጤና ጣቢያችሁ ሂድና የአእምሮ ጤና የሚያየው ማን እንደሆነ ጠይቅ። በአካል ተዋወቀው፤ ያሰብከውን ንገረው። ወንድምህን ያከመውንም ሰው መጠየቅ ትችላለህ። እንዲህ ያለ ሰው እስክታገኝ አዳራሹ ይቆይ። በሌላው ሁሉ እንደራደራለን፤ በዚህች አንዷ ግን አልደራደርም።

ሰዉስ ስንት ይሁን? 8። 10 ቢሆን አልቆጣም። 30 ከሆነ ግን ስብሰባ ሆነ ማለት ነው። ስብሰባ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ከኋላ ይቀመጣል፣ ስልኩን ይጎረጉራል፣ አቴንዳንስ ይፈርማል፣ ከዚያ አበል ይጠብቃል። ስለዚህ አቴንዳንስ የሚባል ነገር አታዙር። ስሙን ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ስለ ቤቱ አያወራም። ወንበሩን ክብ አድርገው። ያንን ረጅም የክብር እንግዳ ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ግፋው። ማይክም ባነርም አያስፈልግም። ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ የለም። የአዳራሹ ኃላፊ «ለሪፖርት አንዲት ፎቶ ብቻ» ማለቱ አይቀርም። ሰዉ ሳይመጣ በፊት ባዶውን ወንበር አንሣና ስጠው።

ወንድና ሴት ለየብቻ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ለጀማሪ። ኡጋንዳም ያደረጉት እንደዚያ ነው፤ የሴቶቹን ሴት፣ የወንዶቹን ወንድ ነው የመራቸው። ዘመናዊ ነን ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ግን አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሴቶች ባሉበት «ማታ ማታ አለቅሳለሁ» ሲል እስካሁን አልሰማሁም።

ሰዓቱ ቅዳሜ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ግማሽ ቀን የሚሠራውም ይደርሳል፤ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝምም ይበተናል። ችግሩ ይህ የጫትም ሰዓት ነው። የመረቀነ ሰው ብዙ ያወራል፤ ጥሩም ያወራል። ቡድኑ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ግን የተናገረው ሁሉ ይቆጨዋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አታየውም። ስለዚህ «ቅማችሁ ወይም ጠጥታችሁ አትምጡ፣ በሌላ ቀን ኑ» ብለህ ከመጀመሪያው ተናገር። ማንንም ሳትሰድብ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንምጣ። ንግግር አታዘጋጅ። ይቺን ያህል በቂ ነች፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። ሐኪም አይደለሁም። የቅርብ ሰው ታሞብኝ ስለነበር ነው ይህን የጀመርኩት። እዚህ ማውራት ግዴታ አይደለም፤ ሰምቶ መሄድ ይቻላል። እዚህ የሰማነው ከዚህ አይወጣም። ልደብቅ የማልችለው አንድ ነገር ብቻ አለ። አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ እንደሆነ ካወቅኩ ብቻዬን አልይዘውም። ርዳታ እጠራለሁ፤ እንደምጠራም መጀመሪያ ለራሱ እነግረዋለሁ።»

«የቅርብ ሰው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ወንድሜ» ማለት የምትችለው ወንድምህ ሲፈቅድልህ ነው። እናትህ «ጨጓራው ነው» ሲሉ የኖሩት አለምክንያት አይደለም። ገመናው የቤተሰብ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ደግሞ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው አክስት ልጅ ነው።

ከዚያ በቀጥታ «ምን ደረሰባችሁ?» ብለህ አትጀምር። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብለህ ጀምር። ስለ እንቅልፍ የሚናገረው የሌለው ሰው የለም፤ የሚያፍርም የለም። የእኛ ሰው ሐዘኑን በሰውነቱ ነው የሚያወራው። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጫነኛል»፣ «ምግብ አልወርድ አለኝ» ይላል። አትናቀው፤ «እሱ የጭንቀት ነው» ብለህም አትተርጉምለት። «ከመቼ ጀምሮ?» ብለህ ብቻ ጠይቅ። የቀረው ራሱ ይመጣል። ካልመጣም አይምጣ።

ይህን የምልህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ክፉ ነገር ያየን ሰው፣ ጦርነት ይሁን አደጋ ይሁን፣ በአንድ ቁጭታ ሁሉንም እንዲዘከዝክ ማድረግ ይጠቅማል ተብሎ ብዙ ቦታ ተሠርቶበት ነበር። ሲጠና እንደማይከላከል ታየ፤ አንዳንዱን እንዲያውም የሚጎዳ መስሎ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ድርጅቱ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ለተራ ረዳቶች ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሦስት ሥራ ነው የሚሰጥህ፤ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መጎልጎል የሚል የለበትም። መመሪያውን አግኝና አንብበው፤ ከባድ አይደለም።

ቡድኑ ዝም ሲል አትደንግጥ። እኛ ዝምታ አንወድም። አንዱ ዕንባው ሲመጣ አሥር ሰው «አይዞህ፣ በቃ፣ እግዜር ያውቃል» ይላል። ለለቅሶ ቤት ጥሩ ነው። እዚህ ግን ሰውዬው ገና አፉን ሳይከፍት ይዘጋበታል። ትንሽ ታገሥ። አማርኛ ካቃተውም በኦሮምኛም በጉራጊኛም ይናገረው። ሁላችሁም ባትረዱት እሱ ይቀለዋል።

መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ አስቀር። «ዛሬ ማታ ምን ትሠራላችሁ?» ብለህ አንድ በአንድ ጠይቅ። ኳስ አያለሁ የሚል ይኖራል፤ ልብስ አጥባለሁ የሚልም ይኖራል። «እንጃ» ያለውን ልብ በለው። እሱን ታክሲ ድረስ ሸኘው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር ካፌ ተቀምጠን ስለ ጭንቀታችን እናወራለን። የምመራው እኔ ነኝ። ባለፈው አንዷ «መኖር ሰልችቶኛል፣ ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል» አለች። ደነገጥን። አንዷ «እንዲህ አይባልም፣ ኃጢአት ነው» አለቻትና ወሬ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ልጠይቃት አስባለሁ፤ ግን ሐሳቡን እኔው የማስገባባት እየመሰለኝ ፈራሁ።
ከሜክሲኮ

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሔቱን አስቀምጪና አሁን ደውዪላት። ስትመለሺ የቀረውን ታነቢዋለሽ።

መጠየቅ ሐሳብ አያስገባም። ይህ በየአገሩ ያለ ፍርሃት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ራስን ስለ ማጥፋት ከሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች ጋር ነው የሚቆጥረው። እንዲያውም የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እፎይ ይላል። ብቻውን የተሸከመውን ሌላ ሰው አየለታ።

ለብቻዋ አግኚያት። «ክፉ ነገር አስበሽ ነው?» እያልሽ ዙሪያውን አትሂጂ። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በያት። በዚህች ዓረፍተ ነገር ምላስሽ እንዳይያዝ መስታወት ፊት ቆመሽ ተለማመጃት፤ እኔ ተማሪዎቼን እንዲህ ነበር የማደርጋቸው። አዎ ካለችሽ አትጩኺ፤ አትስበኪ። እንዴት ልታደርገው እንዳሰበች፣ መቼ እንዳሰበች፣ ያሰበችው ነገር ቤቷ ውስጥ እንዳለ ጠይቂያት። ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቅ እንደሆነም ጠይቂ።

ያሰበችበት መንገድና ጊዜ ካለ ብቻዋን አትተያት። ለደቂቃም ቢሆን። መድኃኒትም ሆነ መርዝ፣ ያሰበችው ነገር ሁሉ ከቤቷ ይውጣ። ዛሬ ማታ አብሯት የሚያድር ሰው ማን እንደሆነ በስም ተነጋገሩ። ከዚያ አብረሻት ሂጂ። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። ነገሩ ካጣደፈሽ የትኛውም ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢ። አንድ ነገር ወስዳ ከሆነ ወይም ራሷን ጎድታ ከሆነ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ። «አማኑኤል» ሲባል ትደነግጥ ይሆናል። እዚህ ከተማ ስሙ ስድብ ሆኖ ስለኖረ ነው። «እኔም አብሬሽ እገባለሁ» በያት፤ ደግሞም ግቢ።

«ለማንም እንዳትነግሪ ማይልኝ» ብትልሽ አትማዪ። «የምነግረው ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አብረን እንምረጥ» በያት።

ምንም ዕቅድ የለኝም ብትልም ነገሩ አላለቀም። ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ መሰልቸት 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብም ካስተጓጎለ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መድኃኒት ከታዘዘላት ቶሎ እንደማይሠራ ንገሪያት። ለድብርት የሚሰጠው መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም፣ አፌን ብቻ አደረቀኝ» ብሎ ይተወዋል። ያኔ የአንቺ ሥራ መጠኑን መምከር አይደለም። ወደ ጻፈላት ሰው እንድትመለስ መጎትጎት ነው።

«ኃጢአት ነው» ያለቻትን ሴት ከቡድኑ አታባርሪ። ደንግጣ ነው። ለብቻዋ ጥሪያትና እምነቷን ሳትነኪ አስረጃት፤ ሃይማኖት ብዙ ሰው ደግፎ አቆሟል፣ በዚያች ሰዓት ግን ልጅቷ የሰማችው «ዝም በይ» የሚል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካፌ አይሆንም። የጎን ጠረጴዛው ይሰማል፤ አስተናጋጁም ይሰማል። ቤት ያላት አንዷ ቤቷን ትክፈት።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤታችን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሰዉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እድራችን ግን አልፈረሰም። በወር አንድ እሑድ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንገናኛለን። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ከተነሣን ወዲህ ሰዉ ተቀይሯል። ሴቶቹ ቡና የሚጠራቸው ጎረቤት የለም። ከቤት መውጣት የተዉ አሉ። እድሩ ለቀብር ብቻ ነው ወይስ እንዲህ ላለው ነገርም ሰው ማወያየት ይችላል? ደግሞ እኛ ጠበል እንላለን፣ ልጆቻችን ሐኪም ይላሉ። የማንን እንስማ?
ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። ይህ ደብዳቤዎ ከሁሉም የበለጠ ደስ አሰኝቶኛል። የትኛውም ክሊኒክ የሌለው ነገር እጅዎ ላይ አለ፤ የአባላት መዝገብ። ማን እንደቀረ፣ ማን ሁለት ወር እንዳልመጣ፣ ማን ክፍያውን በልጁ እጅ ብቻ እንደሚልክ ያውቃሉ። ሐኪም ዘንድ ያልደረሰውን ሰው እርስዎ ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል። እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ሰው ከመሞቱ በፊትም አባል ነው።

ዚምባብዌ ሐራሬ ከተማ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ነገር ጀመረ። የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ያወራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ውጤቱን አሳይቷል። እኔን የሳበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ወንበሩ ላይ የጨረሱት ሴቶች ቡድን ይገባሉ፤ እዚያ ተቀምጠው ካገለገለ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ ነው የሚጨዋወቱት። እጅ ሥራ ሲይዝ ዐይን ዝቅ ይላል፤ ዐይን ዝቅ ሲል አፍ ይፈታል።

እኛ ቦርሳ መሥራት አያስፈልገንም። ቡና አለን። ከእድሩ ሁለት ረጋ ያሉ ሴቶች ይምረጡ። ወሬ የማያመላልሱ ይሁኑ፤ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል። ጤና ጣቢያ ወስደው ከባለሙያ ጋር ያስተዋውቋቸው። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ቤት ቡና ይፈላ። የመጀመሪያው ከሁሉም በጣም ከራቀው ኮንዶሚኒየም ይሁን፤ ከቤት የማይወጡት ብዙውን ጊዜ እዚያ ናቸው። የታክሲውን ከእድሩ ካዝና ቢያወጡ ጉባኤው የሚቃወም አይመስለኝም። «ስለ አእምሮ ጤና ልናወያያችሁ ነው» አይበሉ። «የድሮ ጎረቤት ቡና» ይበሉት። አቦል ላይ የሰፈሩ ትዝታ ይወጣል፣ የተለቀሰውም ይለቀሳል። ቶና ላይ አንደኛዋ ሴት «ቤቱስ እንዴት ሆነ? እንቅልፍስ?» ብላ ትጠይቅ።

ወንዶቹን አይርሱ። ወንዶቹ ቡና ላይ አይመጡም። ጡረታ የወጣና ሰፈር ያጣ ወንድ ከሴት የባሰ ብቸኛ ነው። ሴቷ ገበያ ትወጣለች፤ እሱ መስኮት ላይ ነው የሚውለው። ለእነሱ ከእሑዱ ስብሰባ በኋላ አንድ ሰዓት ያስቀሩ፤ እርስዎ ራስዎ ይያዙት።

የጠበሉን ጉዳይ በግልጽ ልንገርዎ። ብዙ ዘመን ሕመምተኛ አይቻለሁ። ከመጡት ውስጥ አስቀድሞ ጠበል ወይም ዱዓ ያልሞከረ ጥቂት ነው። በዚህ አልጣላም። የምጣላው አንዱን ለማግኘት ሌላውን ተው ሲባል ነው። የእድሩ አወያይ «ጠበሉን ተዉት» አይበል፤ ሰው ያጣል። «መድኃኒቱን ተዉት» ከተባለ ደግሞ ሰው ይታመማል። ንስሐ አባቶችን፣ ሙስሊም አባላትም ካላችሁ ሼኹን፣ አስቀድመው ያነጋግሩ። ከአባት አንደበት «መድኃኒትህን እየወሰድክ ተጠመቅ» የሚለው ቃል ሲወጣ ከእኔ መቶ ምክር ይበልጣል። በጾም ጊዜ መድኃኒት የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። አያቋርጡ፤ ሐኪሙን ሰዓት እንዲያስተካክልላቸው ይጠይቁ።

ሰው ታስሮ ወይም እየተመታ ከሆነ ግን ያ የእምነት ጥያቄ አይደለም። ያኔ እድሩ ዝም እንዳይል አደራ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስምንት ሆነን እንወያያለን። አንዱ ልጅ ግን ማንንም አያስወራም። ምን እናድርገው?
ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ፊት ለፊቱ አትቀመጥ፤ አጠገቡ ተቀመጥ። ዐይንህን ሲያጣ ግማሹን ያቆማል። ለቀረው ግማሽ «አመሰግናለሁ፣ እዚህ ጋ ላቁምህና ያልተናገረ እንስማ» በለው። ካልሆነ ከውይይቱ በኋላ ለብቻው ሻይ ጋብዘው። ምናልባት የሚሰማው አንድም ሰው የለውም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ለገሐር አካባቢ የሴቶች ውይይት እመራለሁ፣ በነጻ ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ከውይይቱ በኋላ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሰማሁት ሁሉ ይመላለስብኛል። በእኩለ ሌሊት የሚደውሉልኝ አሉ። ባለቤቴ «ወይ ተዪው ወይ ደመወዝ ይክፈሉሽ» ይለኛል። መተው ደግሞ ክህደት መሰለኝ።
ከለገሐር

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ ባለቤትሽ ደመወዙን አይደለም የፈለገው፤ ሚስቱን ነው።

መጀመሪያ ስልኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክሽ ይዘጋ። ይህንንም ለቡድኑ በሚቀጥለው ስብሰባ ንገሪ። ከዚያ በኋላ አጣዳፊ ነገር ለመጣባት ሴት የቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለ፣ 907 አለ፣ አብሯት ያለ ቤተሰብ አለ። እነዚህን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ለሁሉም ስጪ። የሌሊት ጥሪ ማንሣት ተረኛ የሆነ፣ ነገ ጠዋት የሚያርፍ ሰው ሥራ ነው። እኛም ሆስፒታል ውስጥ በተራ ነበር የምናድረው።

ሁለተኛ፣ ብቻሽን አትምሪ። አንዷ ስትመራ ሌላዋ ፊት ታያለች፤ ማን እንደከፋት፣ ማን ተነሥታ እንደወጣች። ሴቶቹ ሲበተኑ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሁለታችሁ ቁጭ በሉ። «ዛሬ የቱ ከበደሽ?» ተባባሉ። የሴቶቹን ስም ግን ቤት ይዘሽ አትግቢ፤ ለባለቤትሽም ቢሆን። እሱን «ዛሬ ከብዶኛል» ብትዪው ይበቃዋል። የሰማሽውን በሙሉ የምታወርጂበት ሰው ያ ባለሙያ ነው። እስካሁን ባለሙያ ከሌለሽ፣ ከላይ ለአራት ኪሎው ልጅ የመለስኩትን አንብቢ።

ሦስተኛ፣ የሚመላለስብሽ ታሪክ አንቺ ላይ የደረሰ ነገር የሚመስል ከሆነ ራስሽን ጠይቂ። ብዙዎቻችን ወደዚህ ሥራ የመጣነው የራሳችን ቁስል ይዞን ነው። ነውር የለውም። ግን ቡድኑን ስትመሪ የራስሽን ማከም አትችዪም። ለዚያ ሌላ ወንበር ያስፈልግሻል። እንቅልፍ ማጣቱ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ምግብና ሥራም ከነካ፣ አንቺም ታዪ። ሌሎቹን «ታዩ» እያልሽ አንቺ ብትቀሪ አያምርም።

የታክሲሽን ደግሞ ከኪስሽ አታውጪ። አዳራሹን የሰጡሽን ሰዎች ጠይቂ፤ የሻይና የትራንስፖርት ማለት ደመወዝ ማለት አይደለም። ነጻ አገልግሎት ማለት ከልጆችሽ ጉሮሮ መንጠቅ አይደለም።

መተው ክህደት አይደለም። ሳይናገሩ መጥፋት ነው ክህደት። ለማረፍ ከፈለግሽ ከአንድ ወር በፊት ንገሪያቸው፤ ማን እንደሚተካሽም አሳዪያቸው። ሁለተኛዋን አወያይ በዚህ ሳምንት ፈልጊ። እስከዚያው ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንት ዝጉት። ክረምት ነው፤ ሰዉም በዚያ ጭቃ ለመምጣት ሰበብ እየፈለገ ነው።